የሐሙስ ተራ

አንዲት ቺፕ ብቻ ናት፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ፤
ሁለት እንግዳ ግን ታሳድራለች ሳትገልጥ፤
አንዱ የባቡሩን ፍሬን ይቆጣጠራል፣
አንዱ የጣቢያ ስም በስክሪን ይጠራል።
አይተዋወቁም። ለያንዳንዱ እውነቱ ይህ ነው፦
«ቺፑም የኔ ነው፣ ገመዱም የኔ ነው።»

ሃይፐርቫይዘር ይሉታል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።
እኔ ነኝ ሁለቱን በእኩል የዋሸኋት —
አይ፣ የዋሸኋቸው፤ ከመሃል ገብቼ
የሌለ ካርድ ሰጠሁ፣ ያለውን ደብቼ።

መጀመሪያ ሰሞን፣ ሳልለያቸው ገና፣
በአንዲት ሽቦ ላይ ሲሻሙ እንደ ገና፣
ስክሪኔ ላይ ወጣ፦ «ፍሬቀጣን ዩያጣዝቢያ»።
«ፍሬን ያዝ» ነው አንዱ፤ አንዱ «ቀጣዩ ጣቢያ»።
ዛሬ ግን አንዱ ሲልክ ወረፋ፣ ሌላው ሲልክ ወረፋ፣
በዚያችው ቀጭን ሽቦ፣ ማንም ሳይጋፋ።

ሬጉላ፣ አለቃዬ፣ ሻይዋን ይዛ መጥታ፣
ካጠገቤ ቆማ፣ ስክሪኑን ተመልክታ፣
«ጥሩ ጎረቤትማ፣ ድምፁ የማይሰማ፤
አንደኛው ቢቆስል፣ ሌላው የማይደማ።»
ሳቅሁ። ልክ ነበረች።
ለባቡር።

*

ቤቴ እዚያው ቪንተርቱር፣ ከሐዲዱ ማዶ ነው፤
ዘጠኝ በር፤ ልብስ ማጠቢያው ግን፣ ምድር ቤት፣ አንድ ነው።
ወይዘሮ ኔፍ በእጇ ሠንጠረዥ አስምራ
ለዘጠኙም በር አደለች ተራ በተራ፦
ሰኞ ኩስተር ነው፣ ከነመንታ ልጆቹ፤
ማክሰኞ ጠዋት እኔ፤ ረቡዕ ተማሪዎቹ፤
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ አቶ ኤግሊ ብቻ፣
የአንድ ሽማግሌ፣ የሦስት ሸሚዝ ዘመቻ።

ሦስት ዓመት ስኖር ፊቱን አላየሁት፤
በጥድ ሳሙናው ሽታ ብቻ ነው ያወቅሁት።
ለሱ፣ በሐሙሱ፣ ማሽኑ የሱ ነበር፤
ለኔም፣ በማክሰኞዬ፣ የኔ ብቻ ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ማሽኑ ዝም አለ።
በሁለተኛው ሐሙስ፣ አሁንም ዝም አለ።
ማን ይጠይቅ? ተራው የሰው ነው፣ አይነኬ፤
እኔም በጸጥታው ተደሰትኩ በልኬ።
በሦስተኛው ሳምንት፣ ጋዜጣው ተቆልሎ ብታይ
ወይዘሮ ኔፍ ከፈተች፤ ሰዎች መጡ፤ ቃሬዛ፣ ደረጃው ላይ።
ሳሎኑ ውስጥ፣ አሉ፣ ሸሚዝ ተሰጥቶ፣
ሦስቱም ደርቀው ነበር፣ ሰብሳቢያቸው ጠፍቶ።

ግድግዳችን ወፍራም፣ ሥራችን የጠራ፤
ሞት በላያችን አለፈ፣ ሳይነካ የሰው ተራ።

*

ቺፗ ውስጥ አንድ አለ፣ ስሙ ጠባቂ ውሻ፤
ቁልቁል ይቆጥራል፣ ከመቶ እስከ መጨረሻ።
እንግዳው ከዜሮ በፊት «አለሁ» ካላለው፣
አይጠብቅም፤ ጎትቶ እንደ አዲስ ነው የሚተክለው።
አቶ ኤግሊን «አለህ?» ያለው የለም።
እኔም ከላብራቶሪ ስመለስ፣ ደክሞኝ፣
ስንት ማታ በበሩ አልፌያለሁ።

በማግስቱ ገብቼ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
ማስታወቂያው ቢሞት፣ ፍሬኑ እንዲሰማ አዘዝኩ።
ሬጉላ አነበበች። ሰረዘችው። «ለምን?
ፍሬን የጎረቤት ሞት ሰምቶ፣ ምን ሊሆን? ሊያለቅስልን?»
አሁንም ልክ ናት። ፍሬን ማዘን የለበትም።
እኔ ግን ፍሬን አይደለሁም።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ስሙ
እስካሁን አለ፤ ወይዘሮ ኔፍም አልፋቀችው።
ባዶ እጄን ወረድኩ። የማሽኑን በር ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።
ተመልሼ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኩስተር በር ላይ ቆምኩ።
አንኳኳሁ።
ከፈተ፤ መንታዎቹ ከጉልበቱ ኋላ አጮለቁ።
«ምነው፣ ማጠቢያው ተበላሸ?»
«አይ፣ ማሽኑስ ደህና ነው» አልኩት።

ሌላ ቃል አላዘጋጀሁም ነበር።