የደፋኙ ቤት

ሉዊዚያና፣ ዱላክ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፤
አየሩ ውኃ ነው ያልወረደ ከሰማይ።
ከመኪና ስንወርድ መነጽሬ ላበ፣
ሸሚዜ ከጀርባ ተጣብቆ ረጠበ።

ኦዜሊ ቢልዮ፣ ሰማንያ ዓመቷ፣
ከምሰሶ በላይ በቆመው ቤቷ
በር ላይ ጠበቀችን፣
የመብራቱን ሒሳብ በሁለት ጣት ይዛ፣
እንደሰነበተ ዓሣ፣ ሽታው እንደበዛ።

"ማሽኑ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፤
ብርዱ አጥንቴን ይበላል፣ ቤቱን መች ያክማል?
ትናንት የሟች ባሌን ጫማ ከሳጥን ባወጣ፣
አረንጓዴ ጢሙን አሳድጎ መጣ።"

ባሏ ጀልባ ደፋኝ ነበረ፣ ቴኦፊል፤
በሳንቃና ሳንቃ መሐል ጥጥ የሚተክል፣
በመዶሻ መትቶ፣ ዝፍት የሚያጠጣ።
የደፈነው ጀልባ አርባ ዓመት ተንሳፍፎ
አንድ ኩባያ ውኃ አልገባም ከቶ አልፎ።
የገዛ ቤቱ ግን በሺ አፍ ሲጠጣ፣
ውኃው መልኩን ለውጦ በአየር ስም ሲመጣ፣
አላወቀውም።

በበሩ ክፈፍ ላይ ቀይ ሸራ ወጠርን፣
ከሸራው እምብርት ላይ ማራገቢያ አሰርን።
ቪን ቁልፉን ሲጫን ቤቱ አየር ሳበ፣
መጋረጃው ሁሉ ወደ እኛ ቀረበ፤
ሶኬቱ አፏጨ፤
ከማድቤት ቧንቧ ሥር አንድ ነገር አቃሰተ፤
ያምናው ቀን መቁጠሪያ ራሱን ገለጠ፣
ጥቅምት ላይ ሲደርስ ከሚስማሩ አመለጠ።
መሣሪያው አራት ሺ አለ፣ አልፎም ሄደ።
"ቀዳዳው ቢደመር" አልኳት፣ "ይኼ ቤት
ሌሊትም የማይዘጋ አንድ መስኮት አለበት።"

ሲሊኮኔን ይዤ ወደ መስኮቱ ስሄድ
ሳቀች።
"ምነው ልጄ፣ ከሚታየው ጀመርክ?
ጀልባ የሚሰምጠው በምታየው አይደለም።
ቴኦፊል ፋኖሱን ያጠፋ ነበር፤
በጨለማ ጉንጩን ለሳንቃው አስጠግቶ
ራሱ እስኪነግረው ይጠብቃል።"

ይህን ብላ ጉንጯን ለግድግዳው ሰጠች፣
ዓይኗን ጨፍና፣ በቆዳዋ አዳመጠች።
ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መታጠቢያ፤
ገንዳው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።
"እዚህ ነው። ሙቅ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ይመስላል።"

ከገንዳው በላይ ዝቅ ያለው ኮርኒስ
ከላዩ ክዳን አልነበረውም፤
ሰው የሚያሾልክ ጉድጓድ፣ ከጋለው ቆርቆሮ ሥር፣
የጠቆረ ፋይበርግላስ፣ የአይጥ ጎጆ፣
አንድ የተረሳ የቢራ ጣሳ።
በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ።
እሷ ከታች በባሏ መዶሻ ኮርኒሱን ትመታለች፦
"ወደ ግራ፤ ገና ነው። ገና ነው። አዎ፣ እሱ ጋ።"
ሰሌዳ ቆርጬ ገጠምኩ፣ ዙሪያውን አረፋ ነፋሁ፤
አረፋው ሲያብጥ እንደ ሊጥ፣ ላቤ ዓይኔን ሲያቃጥል፣
ሰሙን እኔ ቀባሁ፤ ወርቁን እሷ ታውቃለች።

አራት ሺው ወርዶ ሁለት ሺ ሞላው፣ አልሞላው።
ማራገቢያው ሲቆም ዝምታ ወደቀ፤
የጢንዚዛው ጩኸት ከግድግዳው ራቀ።
ከወንዙ የሚገባው የሽሪምፕ ጀልባ ሞተር፣
ሲያልፍ በመስኮት አየነው፣ አልሰማነውም።
"እንዲህ ዝም ይላል ለካ" አለች።
ደስ ብሏት ይሁን ሌላ፣ አልለየሁም።
ቪን ስለ አዲሷ ማስገቢያ ሊያስረዳት ጀመረ፣
አየሩ ደርቆ፣ ተጣርቶ በልክ እንደሚገባ፤
እሷ መዶሻውን በቀሚሷ ትወለውል ነበር።

ማታ ከተጎታች ቤቴ ደረስኩ።
የኔም ማሽን ያጉረመርማል።
መብራት ሳላበራ
ጉንጬን ለበሬ አስጠጋሁ።
ባሕሩ እዚያው ቆሞ ኖሯል፣
ከንፈሩን ስንጥቁ ላይ አድርጎ፣
ሙቅ፣ ጨው ጨው የሚል።
ሲሊኮኑ መኪናው ውስጥ ነው። ነገ፣ አልኩ።
ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።