አባ ጉም

"ስንት ኩንታል ትጭናለች?"
አሉኝ አቶ ዘርጋው፣ ጎማዋን በከዘራ መታ አድርገው።
"እኔን ብቻ" አልኳቸው።
ዝም አሉ፤ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው።

ልክ ናቸው። አይሱዙዬን ሸጬ ነው የገዛኋት፣
ሸዋ ሮቢት አንድ መጋዘን፣ ዶሮ አድሮባት ያገኘኋት፤
ሽንኩርት በተቆለለበት፣ ከአዋራ በታች ግራጫ፣
ፊቷ ላይ የብረት ፈረስ፣ ቆሞ የቀረ በሩጫ።

የሸጥኩትን አይሱዙ ለምኜ፣ በካቦ እየጎተትን፣
የጣርማበር ዋሻ ስንገባ እኔና ምንዳዬ ዝም አልን፤
ሞተሯ ያልተነሳ መኪና ጨለማ ውስጥ ስትንከባለል
የገዛ ትንፋሽህ ከግድግዳው ተመልሶ "ምን ሠራህ?" ይላል።
ከዋሻው አፍ ስንወጣ ጭጋጉ ወረደ፣ ሸፈናት፤
መንገዱና እሷ አንድ ሆኑ፤ ምንዳዬ "ጉም" አላት።
እኔም እንደ ድሮ ሰው በፈረሴ ስም ተጠራሁ፣
"አባ ጉም" ተባልኩ ጋራዥ ውስጥ፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ኮራሁ።

ዓመት ከመንፈቅ ፈታን፣ ገጠምን።
ስምንት ሲሊንደር ስትነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣
የጎረቤቴ ሙክት ካስማውን ነቅሎ ፈረጠጠ።
ግን ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ብርዱ ወፍራም፣
ቆላ የለመደ ደረት እዚህ ወጥቶ አይተነፍስም።
ቤንዚን ጠግባ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣
እንደ አዲስ መጤ አስተማሪ ዳገት ላይ ታለከልካለች።
ጂግለሯን በየቅዳሜው እየፈታሁ በቀጭን ቀየርኩ፤
ጥፍሬ ግራሶ፣ አፍንጫዬ ቤንዚን፤ እሷ እንድትተነፍስ እኔ ታፈንኩ።
ማታ ማታ የከተማችንን ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ፤
የሺመቤት "እኔንም በርዶኛል" ስትል ሰምቼ እንዳልሰማ እስቃለሁ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከፋብሪካው መንደር ጀርባ
ያልተመረቀ አስፓልት አለ፣ መኪና ገና ያልገባ።
ከማዘጋጃ ደብዳቤ አለኝ፣ ክብ ማኅተም የተመታ፤
ዘበኛው በየሳምንቱ ያነበዋል፣ ፊደል እየቆጠረ በዝግታ።
አሸዋ የሞላን ቢጫ ጀሪካን ኩርባው ላይ ደረደርን፣
ገለባ የጠቀጠቅንበትን ጆንያ ዳር ዳሩን ከመርን።
ሰዓት ያዡ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፤
ፊሽካቸው ከአንገት፣ ደብተራቸው ከጉልበት፣ እርሳሳቸው ከጆሮ ሥር።

አንድ ደቂቃ ከአርባ ስምንት።
አንድ ደቂቃ ከአርባ ሦስት።
ከዚያ አርባ። አርባ። አርባ።
ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ አርባ።
ምንዳዬ "እንግዲህ ተዝካሯን እናውጣ" አለኝ።

ለአሥር ዙር ቤንዚን ሦስት ሰዓት እሰለፋለሁ፣
ጥርሴን ነክሼ፣ መሪው ላይ ተሰቅዬ እነዳለሁ።
አንድ ቀን ጋሽ ሸዋንግዛው እርሳሳቸውን አስቀምጠው
"ልጄ፣ ሩጫ ያለው መቆም ላይ ነው" አሉኝ ረጋ ብለው።
"ፍሬን ፈርተህ ትይዛለህ፣ ፈርተህ ደግሞ ትለቃለህ።
አንዴ ያዝ፤ ከዚያ ኩርባው ራሱ ይሸኝሃል፣ ታያለህ።"

የጥር እሑድ። ውርጭ ነጭ አድርጎታል ሣሩን።
እስኪሞቅ ጠበቅን ጎማውን፣ እስኪገለጥ ጠበቅን ጭጋጉን።
ሦስተኛው ዙር ላይ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣
መሪው ቀለለኝ።
ጀሪካኖቹ ራሳቸው ገለል ያሉልኝ መሰለኝ።
ፍሬኑን አንዴ፤ ማርሹን አንዴ፤ አስፓልቱ ተቀበለኝ።
ስምንቱም በአንድ አፍ አገሱ፤ የፋብሪካው ጣሪያ መለሰ፣
ኪሴ ያለው የካንዴላ ቁልፍ እንደ ጸናጽል ተላወሰ።

ቆሜ፣ መስኮት አውርጄ "ስንት?" አልኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዝም።
ሰዓቱ ከእጃቸው አለ፤ ይቆጥራል፤ ገና አልቆመም።
"ይቅርታ ልጄ፣ ሳይ ነበር" አሉኝ፣ "መጫኑን ረሳሁት።"
ምንዳዬ ራሱን ያዘ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁት።

ደብተሩ ላይ ዛሬም አርባ ነው።

የሺመቤትን ከጆንያው ክምር ላይ ተቀምጣ አየኋት፣
የጉምን ብርድ ልብስ ተከናንባ። ዝም ብዬ ተውኋት።
ጉም እንደሁ ዛሬ አልበረዳትም።