የገራድ አብሲዬ ልክ

ትከሻውን የለካሁት እኔ ነኝ፣
ገንደ ቆሬ፣ በሲንጀር መኪና፤
ጨርቁን ጣልያን አመጣ፣
ክሩን ጣልያን አመጣ፣
«ሰፋ አርግለት» አለኝ፣ «ገና ይወፍራልና።»
ወፈረ።
ጎኑን ሁለቴ ፈታሁለት።

እንግሊዝ ጅጅጋን ያዘ በተባለ ማታ
ከዚራ ላይ ካሚዮኖች ተሰለፉ፤
ፍራሹ ተጫነ፣
የኮሎኔሉ በቀቀን ከነሽቦ ጎጆዋ ተጫነች፤
ገራዱ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ
ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።
አስተርጓሚውን ጠየቀው፤
አስተርጓሚው ያን ማታ ቋንቋ ጠፋበት።

ሊነጋጋ ሲል በሬን መታ።
«ፍታልኝ» አለ፣ «ማዕረጉን ንቀል፣
ተራ ሰው ልምሰልበት።»
ነቀልኩ።
ጨርቁ ግን አምስት ዓመት በድሬ ፀሐይ ነጥቷል፣
ክሩ የሸፈነው ብቻ እንደ ጥንቱ ቀርቷል፤
ማዕረጉ
ከደቻቱ ማዶ ይነበባል።