ሃያ ስድስት

አገጬን አስደግፋ፣ ግንባሬን አስጠግታ፣
«ዓይንህን አትጨፍን» አለችኝ በእርጋታ፤
ሰማያዊ መብራት እንደ እሳት ራት መጥቶ
ነካኝና ሄደ፣ ቁጥር ብቻ ትቶ፦
በቀኝ ሃያ ስድስት፣
በግራ ሃያ አራት።

እኔ የመጣሁት መነጽር ፍለጋ፣
መሮዬ ጥለቱን ስቶ ጣት ቢወጋ።
ግፊት የሚባለው፣ እስከማውቀው ድረስ፣
የባጃጅ ጎማ ነው፣ ሚስማር ሲያስተነፍስ።

«ታምሜያለሁ?» አልኳት።
«አልታመምክም ገና። ነርቭህ ደህና ነው።
ዓይን ውስጥ ውሃ አለ፣ እንባ ያልሆነ ውሃ፤
ይገባል፣ ይወጣል። ያንተ መውጫው ጠቧል።
ከአስር ሰው ምናልባት አንዱ ነው የሚደርስበት፤
ሌላው ከነግፊቱ እያየ ያረጃል።»
ከዚያ ካርዴን ገልጣ ብዕሯን አቆመች።
«ከቤተሰብ አለ?»

አባቴን፣ አባ ዲጋን፣ የሐሙስ ገበያ
«ኮራ» ብሎት ነበር። «ሰው ናቀ፣ ሰላምታ ነሳን።»
ከጎኑ የቆመ እጁን ቢዘረጋ
እንዳላየ ያልፋል።
ጣውላ ሊያቃና ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያይ ፀጉር አይስትም፤
መሃሉ ብሩህ ነው።
ጠርዙ ነው የሄደው፣
አይጥ እንደጀመረው ምንጣፍ፣ ከዳር ከዳር፣
በዝምታ።
መቃኑ ሲገጨው በሩን ሰፋ አደረግንለት።
ባልዲ ሲደፋ እናቴ እኛን ተቆጣች።
አንድ ማታ አዌቱ ድልድይ ላይ ክንዴን ያዘና
«መብራት ጠፋ እንዴ?» አለኝ።
አልጠፋም ነበር።

ይህን ሁሉ ጠቅልዬ «አዎ፣ አባቴ» አልኳት።
ጻፈች።

አሁን ማታ ማታ በየዓይኔ አንዲት ጠብታ፤
አንዱ ብልቃጥ የሁለት በርጩማ ዋጋ።
ያልተከፈተው የሚያድረው ኑረዲን ጁስ ቤት ነው፣
ፍሪጁ ውስጥ፣ ከአቮካዶው ኋላ፤
«ይሄኛው ምን ጣዕም አለው?» ያለ ደንበኛ አለ።

እህቴ ሸምሲያ ከአጋሮ ደውላ
«ያላመመኝን በሽታ ገንዘብ ከፍዬ ልፈልግ?» አለች።
«አባዬንም አላመመውም» አልኳት።
መስመሩ ላይ የሚጮህ ዶሮ ብቻ ሰማሁ።
እስከዛሬ አልመጣችም።

በሽተኛ አይደለሁም።
ጤነኛ ነኝ እንዳልል ሃያ ስድስት አለ።
በሁለቱ መሃል ለቆመ ሰው ስም
በአማርኛም ፈለግኩ፣ በኦሮምኛም ፈለግኩ፣
ሐኪሟንም ጠየቅኩ፤
«ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» አለችኝ።

እስከዚያው ከሄርማታ ወደ ቤቴ ስወርድ
አንገቴን፣ ሶላት እንደሚያበቃ ሰው፣
ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እስከ ትከሻዬ እመልሳለሁ፤
«አካም ጅርቱ?» እላለሁ፣ ለማውቀው፣ ለማላውቀው፣
ለሸንኮራ ሻጩ፣ ለባንኩ ዘበኛ፣
ትናንት በድንግዝግዝ
አጥር ጥግ ለቆመ አህያ ጭምር።

«ተማም ሰው ወዳጅ ሆነ» ይላሉ ጎረቤቶቼ።
ይበሉ።
እኔ ዳር ዳሩን እየቆጠርኩ ነው።