የጭቃ ካልሲ

ጥቅምት ተጋምሷል። አንገረብ ግድብ ላይ
ውኃው ሸሸት ብሎ ጭቃው ፀሐይ ሲያይ፣
አሥራ አንድ ናቸው፤ ድንቢጥ ያካክላሉ፣
እንደ ስፌት መኪና ጭቃ ይጠቅማሉ፣
ሮጥ ብለው ቆም፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ።

ደብተሬን ዘረጋሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፍሁ፣
"ዓይነቱ" ከሚለው ስደርስ እጄን አነሣሁ።
መጽሐፌማ ቀላል ነገር አድርጎታል፦
እግሩ ጥቁር እንደሁ "ይኸኛው ነው" ይላል፣
ብጫ ካለ ደግሞ ገጽ ያስገልጠኛል።
የአንገረብ ጭቃ ይህን መች አንብቧል?
ላሥራ አንዱም እኩል ካልሲ አልብሷል።

የጀርባቸው ቀለም? ደመና ሲያልፍ አመድ፣
ፀሐይ ሲወጣ ዝገት፤ እንዴት ብዬ ልፍረድ?
ቁመታቸውንስ ከምን ጋር ላስተያይ?
አንዲት ኩበት ብቻ ናት ካጠገብ የምትታይ።

ጋሽ አለበል መጡ፣ የግድቡ ዘበኛ፣
ሬዲዮናቸው በብብት፣ እሱም እንቅልፈኛ።
"ዛሬም እነሱን ነው? ስማቸው ማን ነው?" አሉኝ።
"እሱ ነው የጠፋኝ።" "ኧረ አንተ አታድርቀኝ!
የውኃ ወፍ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?"
ባይኖክላሬን ሰጠሁ። እጃቸው ዋለለ፣
ቆይቶ ተረጋጋ።
            "ያ... ጀርባው ላይ ያለው፣
ነጭ መስመር ከሁለት ትከሻ ወርዶ የገጠመው፣
ነጠላ አዘቅዝቆ ለቅሶ የሚሄድ የሚመስለው፣
እሱስ?"

"እሱ የዘንድሮ ነው፣ ሰኔ የተፈለፈለ፤
ላባው ዳር ዳሩ ነጭ፣ ገና ያልተጎሳቆለ።
እናት አባት ቀድመው ሐምሌ ላይ ይሄዳሉ፣
ልጆቹ ከሰሜን ጫፍ ለብቻ ይመጣሉ፤
'በዚህ ነው መንገዱ' ያላቸው የለም።"

ጋሽ አለበል ቆዩ። ባይኖክላሩን አልመለሱም።

"እኔም ከጋይንት ስመጣ፣ ባሥራ ሁለት ዓመቴ፣
'የማን ነህ?' ይሉኛል፤ ጭቃ ነኝ እስከ ባቴ።
ወረድሁ፣ ታጠብሁ እዚሁ ወንዙ ላይ፣
ያኔ ነው አክስቴ 'የወንድሜን እግር!' ያለች ስታይ።"

የውኃ ቦቴው ጮኸ። ተነሡ ባንድነት፤
አሥሩ "ስት፣ ስት" አሉ፣ ቀጠን ያለ ጩኸት፣
አንዱ ብቻ ለየ፦ "ትርርር..." አለ፤
ጀርባው መስመር አልባ፣ ወደ ቀሃ ኰበለለ።
አሥር ብዬ ጻፍሁ። ላንዱ ቦታ ተውሁ፤
ድምፁን ብቻ ሰማሁ፣ እግሩን ግን አላየሁ።

በማግስቱ ገና ሳልወርድ ከቁልቁለቱ፣
ጋሽ አለበል ቆመዋል በሩ ላይ በጠዋቱ፤
እጃቸውን አርግበው፣ እንዴት አደርህ ሳይሉኝ፣
"ታጠበ ወይ ያ ልጅ?" ብለው ጠየቁኝ።