የተረከዝ ንባብ

ጡረታ የወጣች ለት፣ መሳቢያዋን ስናራግፍ፣
ካርቶን ያዡ እኔ ነበርሁ፤ እሷ ስትጥል፣ እኔ ሳሰልፍ።
ሜዳልያ ወጣ ዝጎ፣ ቀለም የጨረሰ ብዕር ወጣ፤
ከሁሉም ሥር፣ በላስቲክ፣ አንድ አሮጌ ጫማ መጣ።
የወንድ ነው። የግራ እግር። ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ፣
ማሰሪያ የሌለው፣ ምላሱ የተንጋለለ ወደ ኋላ።
«የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቨርና ላህቲ ቀና ሳትል፣
«የአስተማሪዬ ነው» አለች፤ እጇ አቧራውን ሲያባብል።

አባቷን የምትል መሰለኝ።

ዱሉዝ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በረዶ በር በሚዘጋበት፣
ጫማ ጠጋኝ ነበር፤ ሱቁ ማስቲሽና ቆዳ የሚሸትበት።
ትንሿን ልጅ ከባንኮኒው ኋላ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣
«ባለቤቱን ሳታዪ ንገሪኝ» ይላት ነበር፣ ጫማ መርጦ።
ዝም ስትል ራሱ ያነባል፦
«ይሄ ቀኙን ያነክሳል። ይሄኛው ወደብ ላይ ይሸከማል።
ይቺ ቀኑን ቆማ ትውላለች። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ይዋሻል።»
«መዋሸት በሶል ይታያል?» ስትለው እየሳቀችበት፣
«ነገ እከፍላለሁ ካለኝ ሦስተኛው ክረምት ገባበት!»

በፈረንጅ ሰባ ስምንት፣ የፌዴራሉ ቢሮ ሴት በጣት ሲቆጥር፣
የሰጧት ሽጉጥ እጀታው ከመዳፏ ይሰፋ ነበር፤
ኮቱም የወንድ ልክ ነው፣ ትከሻው የጎተራ በር።
አለቃው ጣቱን ቀስሮ «መተየቢያው እዚያ ነው» አላት፤
ተየበች። የሌላ ሰው መዝገብ ሁለት ዓመቷን በላባት።
ስትተይብ ግን ታነብ ነበር።
ሬሳው አጠገብ ፎጣ አለ፤
በአራት የታጠፈ፣ ጠርዝ ከጠርዝ፤ ማንስ ስለሱ ምን አለ?
«ሕሙም ያስታመመ ሰው ነው» አለች፤ ሳቁባት ባንድ ሆነው።
በአሥራ ዘጠኝ ቀን ተያዘ፤ የሌሊት ነርስ ነው።
ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ቨርጂኒያ፣ ከምድር በታች ክፍል ሰጧት፤ መስኮት የለው፣ ሰዓት የለው፤
በየወህኒው ገዳይ ጠየቀች፤ ማን እንዳሳደገው፣ ምን እንደጎደለው።
ካቴና ለብሶ አንዱ፣ «ልጅ አለሽ?» አላት በሹክሹክታ፤
አልመለሰችም። ሌሊቱን ግን፣ ሞቴሏ ገብታ፣
በር ላይ ወንበር ደግፋ፣ ባለሽጉጧ ሴት፣
«መስኮቱን ዘጋህ ወይ?» እያለች ደወለች አራቴ ቤት።

ጫማው ግን የአባቷ አልነበረም።

በሰማንያ ሰባት፣ ኔብራስካ፣ ሮዛን የምትባል ልጅ ሞታ፣
ቨርና የገዳዩን መልክ ጻፈች፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ማታ፦
«ብቸኛ። ሠላሳ ያልሞላው። ከእናቱ ጋር የሚኖር።
እጁ ሥራ የለመደ። ሰው ፊት የሚያፍር።»
ዱዌን ሶብቻክ በሚሉት በያጅ መልኩ ልክክ አለበት፤
አሥራ አንድ ወር ታሰረ። እናቱ በዘጠነኛው ሞተችበት።
ገዳዩ ሌላ ነበር፤ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣
ፍለጋው ለት ለፈላጊው ሾርባ የቀዳ በትጋት።
«እኔ ጫማ ሰፋሁ» አለች፤ «እነሱ እግር አገኙለት።»

ማስረጃ ተብሎ ተወስዶ መላሽ ያጣውን ያን ግራ
ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ቀን ነዳሁ እኔ ከእሷ ጋራ።
በቆሎው ታጭዶ ነበር። ደረቅ ሜዳ። የእንጨት ደጃፍ።
ሽበታም ሰው ብቅ አለ፤ ያሰበችው ቃል አልወጣት ከአፍ።
ጫማውን ብቻ ዘረጋች።
ተቀበላት። ገለበጠው። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«ቀኙን ጥዬዋለሁ» አለ፤ «ያኔ ነው፣ ድሮ።» ድምፁ አነሰ።
ከዚያ ዓይኑ ወደ ምድር ወረደ፤ እግሯን አየ፤
እንደ አባቷ፣ እንደ ራሷ፣ እዚያው ላይ ቆየ።
«ግራሽን ታነክሻለሽ» አላት። «ከመቼ ወዲህ?»

እጇን ኮቷ ኪስ ከተተች፤ ባዶውን አወጣች።

በሩን አልዘጋውም።
ግቡም አላለን።