በሩ ላይ ያለው ቃል

በፔንዛንስ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ጃጎ ትሬምባዝ ሱቁን ይከፍታል፣ ሦስት ሰዓት ሲገባ።
ከበሩ በላይ አባቱ ያሠሩት ሰሌዳ አለ፣
ጨው እየላሰው ቀለሙ ከፊደሉ የኮበለለ፤
አንድ ቃል ብቻ፦ ብላይንድ።

የመስኮት መጋረጃ ማለት ነው፣ ገመድ ሲስቡት የሚጠቀለል፣
ፀሐይን ከሶፋ፣ ጎረቤትን ከገበታ የሚከልል።
ያው ቃል ዕውር ማለትም ነው።
ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ልብ ያለው ግን ማን ነው?
ባለፈው ኅዳር፣ ትሩሮ ላይ፣ ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ፣
«ዳር ዳሩ ይቀርልዎታል» አለው፣ «መሐሉ ነው የሚሄደው ጠፍቶ።»

ከዚያ ወዲህ ቃሉ እንደ ድመት ይከተለዋል።
አውቶቡሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲጠመዘዝ፣ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤
መጪውን የሚሸሽገው ኩርባ በዚያው ስም ይጠራል።
በአቋራጭ ልግባ ሲል፣ ስርጡ ግንብ ላይ ያልቃል፤
ያም ሞክሼው።

ማታ ሞርዌና የፓይ ሊጥ በሣህን ዘርግታ፣
እንዳይነፋ ደረቅ አተር ሞልታ፣
ባዶውን ታበስላለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» ይላታል።
የአበሳሰሉ ስም ምላሷ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል።
«ፓይ ነዋ» ትለዋለች።

ቃሉን የማትፈራው እህቱ ላቭዴይ ናት፤
ቀሚስ ትቀመቅማለች፣ ክሩ ከውጭ እንዳይታይባት።
«ይህም ስፌት ሞክሼህ ነው» አለችው መርፌዋን ነክሳ፣
«ጠርዙን የያዘው ግን እሱ ነው፤ እስቲ ፍታው፣ ካልፈረሰ!»

እኔ በአማርኛ ሳስበው፣ ቃሉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤
ዕውርና ስውር በአንዲት ፊደል ይራራቃል።
ዓይነ ስውር ስንል፣ ዓይኑ ጠፋ አላልንም፤ ተሸሸገ፣
እንደ ላቭዴይ ክር ከጨርቁ ሥር ጥግ ፈለገ።

አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሰሌዳውን አንብቦ ሳቀ፦
«እማዬ፣ ሰውየው ስሙን በሩ ላይ ለጠፈ!»
እናትየው በቆመችበት ደረቀች።
ጃጎ ግን መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቀ፤
ሰሌዳውንም አላወረደም።

ሐሙስ ዕለት የወይዘሮ ቦሳንኮን መስኮት ሊለካ ሄደ።
ሜትሩን ኪሱ ትቶ፣ ቋጠሮ ባለው ሲባጎ፣
በጣቱ እየቆጠረ፣ በአውራ ጣቱ እያረጋገጠ።
ሰቅሎ ሲጨርስ፣ «ባሕሩ ይታያል?» አላቸው።
«ጉም ነው፣ ልጄ። ምንም አይታይም።»
«እንግዲያስ እኩል ነን» አለና ገመዱን ሳበ።

ሁለቱም ዝም ብለው ቆሙ።
አንድ ለብ ያለ ነገር የእጁን ጀርባ ዳሰሰው።
«ጉሙ ሊገፈፍ ነው» አለ፣
እሳቸው ገና መነጽራቸውን ሲወለውሉ።